ከሳሎን ተባሮ ሳሎን የገባው አንበሳ

እኛ ሳሎን ስንል ሶፋና ቡፌ ያለበት፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ክፍል ማለታችን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ፓሪስ ውስጥ ሳሎን ሲባል ግን ሌላ ነበር። በሉቭር ሙዚየም የሚከፈት፣ መንግሥት የሚያዘጋጀው ትልቅ የሥዕልና የቅርፃ ቅርፅ ኤግዚቢሽን ነው። እዚያ ሥራው ያልታየ ቀራፂ እንደሌለ ይቆጠር ነበር። ጋዜጣው የሚጽፈው ስለዚያ ነው። መንግሥት የሚገዛው ከዚያ ነው። ባለጠጋውም ሥራ የሚያዘው ስሙን እዚያ ያየውን ሰው ነው።

ላወራችሁ የፈለግኩት በዚያ ሳሎን በር ላይ በ1837 ስለሆነ ነገር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሰውየው አንቷን ልዊ ባሪ ይባላል። እንስሳ ቀራፂ ነው። ዕድሜው አርባን ዘሏል፣ ስሙም ወጥቷል፤ ከአራት ዓመት በፊት የሌዥዮን ዶነር ኒሻን ተሸልሟል። የዚያን ዓመት ለሳሎን ያቀረባቸው ሥራዎች ደግሞ የንጉሡ የበኩር ልጅ ያዘዛቸው ነበሩ። ከዚህ በላይ ዋስትና ከየት ይመጣል? ዳኞቹ ግን ሥራዎቹን አይተው መለሷቸው።

ምክንያታቸው ሥራው ደካማ ነው የሚል አልነበረም። ይሄ የወርቅ ሠሪ ሥራ እንጂ ቅርፃ ቅርፅ አይደለም የሚል ነው።

ይህቺ አንዲት ቃል እንዴት እንደተወለደች ለማየት ትንሽ ወደኋላ መመለስ አለብን።

ባሪ በ1795 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ወርቅ ሠሪ ነበር። ልጁም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ለወታደር ዕቃ ብረት የሚቀርፅ ባለሙያ ዘንድ ሙያ ሊለምድ ገባ። በ1812 ለናፖሊዮን ጦር ተመለመለ። ከጦርነቱ በኋላ ከቀራፂው ቦዚዮ፣ ቀጥሎም ከሠዓሊው ግሮ ተማረ። ከዚያ ኤኮል ደ ቦዛር ገባ፤ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ማለት ነው። የዚያን ዘመን ተማሪ ሁሉ የሚያልመው የሮም ሽልማትን ነበር። ያሸነፈ በመንግሥት ወጪ ሮም ሄዶ ይማራል፣ ተመልሶ ሲመጣም በሩ ሁሉ ክፍት ነው። ባሪ ደጋግሞ ተወዳደረ። በ1820 ሁለተኛ ወጣ። አንደኛነቱ ግን እምቢ አለው።

ሮም ሲቀር እንጀራ ፍለጋ ተጀመረ። ፎኮኒዬ የሚባል ወርቅ ሠሪ ቤት ተቀጥሮ ከ1823 ጀምሮ ስምንት ዓመት ያህል ሠራ። ሥራው ለሳህንና ለጌጥ ዕቃ የሚሆኑ ትንንሽ እንስሳት መቅረፅ ነበር። እንስሳቱን ከራሱ ጭንቅላት አላመጣቸውም። ዣርደን ደ ፕላንት የሚባለው የፓሪስ የዕፅዋት አትክልት ስፍራ ውስጥ ከ1794 ጀምሮ የተከፈተ የአራዊት ግቢ አለ። የእኛን የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ አስቡት፤ አጠገቡ ግን የአፅም ሙዚየምና ኩቪዬን የመሰለ ሳይንቲስት ጨምሩበት። ባሪ እዚያ ይውላል። በሕይወት ያለውን አውሬ እያየ ይነድፋል። የሞተውንም ይለካል።

መለካት ስል ዝም ብዬ አይደለም። ማስታወሻዎቹና ንድፎቹ ተርፈው ዛሬም ይታያሉ። ቆዳው የተገፈፈ አንበሳ ሥዕል ጎን ላይ ቁጥር ተጽፏል። ከትከሻ እስከ ክርን ይህን ያህል፣ ከክርን እስከ መዳፍ ይህን ያህል። ልብስ ሰፊ የደንበኛውን ልክ እንደሚወስደው ማለት ነው። በ1820ዎቹ መጨረሻ ላይ የግቢው አንበሳ ሲሞት ጓደኛው ሠዓሊው ደላክሯ አጭር ደብዳቤ ላከለት። አንበሳው ሞቷል፣ እየጋለብክ ና፣ የአየሩ ሁኔታ ያጣድፈናል የሚል ነበር መልእክቱ። ሥጋው ሳይሸት መድረስ አለባቸዋ! ሁለቱም ሬሳውን ነደፉት።

እኔን ከዚህ ታሪክ የሚገርመኝ ባሪ ከፈረንሳይ ወጥቶ አለማወቁ ነው። ሕንድን አላየም፣ አፍሪካን አላየም። ጫካው ሁሉ የብረት ፍርግርግ ያለው ነበር።

በ1831 የሳሎን በር ላይ አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም የጄሶ ሥራ ይዞ መጣ። ታይገር አዞ ሲበላ። ታይገርን ነብር ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ የእኛ ነብር ግን ነጠብጣባም ነው፣ ይሄኛው ሸንተረራሙ የሕንዱ ነው። አዞውም ተራ አዞ አይደለም። ጋቪያል የሚባለው፣ አፉ እንደ ወረንጦ ቀጥኖ የረዘመው የጋንጅስ ወንዝ አዞ ነው። ታይገሩ ተጋድሞበታል። ጥርሱን ሥጋው ውስጥ ሰክቷል፣ ጆሮዎቹ ወደኋላ ተለጥፈዋል። አዞው እንደ ገመድ ተጠማዞ ወደ ላይ ዞሯል፣ ያ ቀጭን አፉ ተከፍቶ ምንም አይዝም። የአዞው ቅርፊት አንድ በአንድ ተሠርቷል። የታይገሩ ቆዳ ከሥሩ ያለው ጡንቻ ሲገፋው ይታያል። ጀግና የለም፣ አምላክ የለም፣ ትምህርት የሚሰጥ ታሪክ የለም። አንዱ በይ ነው፣ ሌላው ተበይ ነው፣ በቃ።

ይሄ ለዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር። የአገሪቱን ጥበብ በሚመራው በሥነ ጥበብ አካዳሚው ሥርዓት ከሁሉ በላይ የሚቀመጠው የሰው ገላ ነው። ራቁቱን የቆመ የግሪክ ጀግና ወይም ቅዱስ። እንስሳ ቢመጣ እንኳ የጀግናው ፈረስ ወይም የአዳኙ ውሻ ሆኖ ነው። ባሪ አጃቢውን አምጥቶ ዋና ተዋናይ አደረገው። እንዲያም ሆኖ ዳኞቹ ተቀበሉት፣ የሁለተኛ ደረጃ ሜዳልያም ሰጡት። መንግሥትም በነሐስ እንዲፈስ አድርጎ ገዛው። ዛሬ ሉቭር ውስጥ ነው።

በ1832 ኮሌራ ፓሪስን ስለመታ ሳሎኑ አልተከፈተም። በ1833 ሲከፈት ባሪ ተመልሶ መጣ። አሁን በተፈጥሮ መጠኑ የተሠራ አንበሳ ነው። እባብ በመዳፉ ረግጧል። እባቡ አንገቱን ሰብቆ አፉን ከፍቷል፤ አንበሳው ግንባሩን አኮማትሮ ያየዋል። መዳፉን ልብ ብላችሁ እዩት። ጥፍሮቹ ከሥጋው ተመዝዘው ወጥተዋል፣ በየጥፍሩ መሃል ያለው ቆዳ ተወጥሯል። የዚያ የአንበሳ ሬሳ ልኬት እዚህ ላይ ነው ዋጋውን ያወጣው።

ሥራው ፖለቲካም ነበረው። ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ዙፋን ላይ የወጡት በሐምሌ 1830 አብዮት ነው። በኮከብ ቆጠራ የሐምሌ መጨረሻ የአሰድ፣ የአንበሳው ኮከብ ነው። አንበሳው አዲሱ መንግሥት፣ እባቡ የተረገጠው ጠላት ተደርጎ ተነበበ። ባሪ ኒሻኑን ያገኘው በዚያው በ1833 ነው። ነሐሱ በ1836 ለሕዝብ ታየ፣ ቱይለሪ በሚባለው የቤተ መንግሥት አትክልት ስፍራም ቆመ። ያኔ ማጉረምረም ተጀመረ። የንጉሥን የአትክልት ቦታ የአራዊት ግቢ አደረጉት ብለው ያሾፉ እንደነበሩ ይነገራል። እንስሳ የሚቀርፁትን ሰዎች «አኒማልዬ» ብሎ መጥራት የመጣውም በዚያ ዘመን ነው። ዛሬ የሙያ ስም ነው። ያኔ ግን እንደ ቅፅል ስድብ ነበር፤ የአውሬ ሠሪ እንደማለት።

እስከዚህ ድረስ እንግዲህ አውሬው ራሱ ከሳሎን አላስባረረውም። ይህን ያዙልኝ። ታይገሩም ገብቷል፣ አንበሳውም ገብቷል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። በ1834 የንጉሡ የበኩር ልጅ፣ የኦርሌአን መስፍን፣ ለግብር ጠረጴዛቸው መሃል የሚቀመጥ ትልቅ ጌጥ አዘዙ። የጠቅላላውን ጌጥ ንድፍ የሚያወጣው ሸናቫር የሚባል የጌጥ ባለሙያ ነው። ቅርፆቹን የሚሠራው ባሪ። ዘጠኝ ቡድን ናቸው። አምስቱ አደን ሲሆኑ አራቱ አውሬ ከአውሬ ሲናጭ ነው። አደኖቹ የታይገር፣ የአንበሳ፣ የኮርማ፣ የድብና ኤልክ የሚባለው የትልቁ አጋዘን ናቸው። ከሁሉ መሃል የሚቀመጠው የታይገር አደኑ ነው። ቁመቱ ሰባ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሕንዶች ዝሆን ላይ ተቀምጠው ይዋጋሉ፣ ታይገሮቹ ዝሆኑ ላይ ተንጠላጥለዋል። የዝሆኑ ቆዳ ከጉልበቱ በላይ እንደ ሰፋ ሱሪ ተጣጥፏል።

ነሐሱን ያፈሰሰው ጎኖን የሚባል ሰው ነው፤ የ1831ዱን ታይገርም ያፈሰሰው እሱ ነበር። ዘዴው ሰሙ የሚጠፋበት ዘዴ ነው። ይሄን የእኛ መስቀል ሠሪዎች ከጥንት ያውቁታል። መጀመሪያ ቅርፁ በሰም ይሠራል። ሰሙ በጭቃ ይለበጣል። ይቃጠላል፣ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በባዶው ቦታ የቀለጠ ብረት ይገባል። ጭቃው ሲሰበር ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ የለውም። ሰሙ ላይ ያረፈ የጣት አሻራ እንኳ ሳይቀር ነሐሱ ላይ ይወጣል። አደገኛነቱም እዚያ ላይ ነው። ብረቱ በመሃል ቢቆም ወይም አየር ቢገባበት የወራት ድካም አብሮ ይቀልጣል። በፈረንሳይ ዘዴው ተትቶ ነበር፣ ጎኖንና ልጆቹ ናቸው መልሰው ያስነሱት። እንግዲህ ዝሆን፣ ታይገር፣ ሰውና ጦር የተቆላለፈበትን ያን ሁሉ ነገር በዚህ መንገድ ማፍሰስ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ብረት ያቀለጠ ሰው ያውቀዋል።

ባሪ ከእነዚህ ያለቁትን ለ1837 ሳሎን አቀረበ። መልሱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

መስፍኑ ተናደው ለአባታቸው አቤት አሉ። ንጉሡም ዳኞችን ሾሜያለሁ፣ ድንቅ ሥራ እንዲቀበሉ ግን ላስገድዳቸው አልችልም የሚል መልስ ሰጡ ይባላል። መልሱ ብልህ ነው፣ ለባሪ ግን ጥቅም አልነበረውም።

ዳኞቹ እነማን ነበሩ? በሉዊ ፊሊፕ ዘመን የሳሎን ዳኛ መሆን የሥነ ጥበብ አካዳሚ አባላት ድርሻ ነበር። ማለትም የሮም ሽልማትን የሚሰጡትና የሚነሱት፣ በአብዛኛውም ራሳቸው በወጣትነታቸው ያሸነፉት ሰዎች ናቸው። ባሪን በ1820ዎቹ ሮም ያልላከው ቤት በ1837 ደግሞ በሩን ዘጋበት። ሴራ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ሴራ አያስፈልግም ባይ ነኝ። በእነሱ ሚዛን ነገሩ ግልጽ ነበር። ቅርፃ ቅርፅ ለብቻው የሚቆም፣ ሰው ዙሪያውን እየዞረ የሚያየው፣ ከአደባባይ ወይም ከቤተ መንግሥት ጋር የሚሄድ ነገር ነው። ሳህንና ማንኪያ መሃል የሚቀመጥ ነገር ጌጥ ነው። ጌጥ ደግሞ የወርቅ ሠሪ ነው። ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውን አልጠየቁም። የት ነው የሚቀመጠው ብለው ነው የጠየቁት።

ይህን ፍርድ ለማወቅ ፓሪስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ ሱቆች ፊት ቁሙ። ከእንጨት የተቀረፀ አንበሳ አለ። ያው አንበሳ ነጭ ግድግዳ ያለው ጋለሪ ውስጥ ቢቀመጥ ስሙ ቅርፃ ቅርፅ ነው። እዚህ ግን የስጦታ ዕቃ ነው። የቀረፀው እጅ አንድ ነው። አብዛኛው የሱቁ ዕቃ ችኮላ የበዛበት መሆኑን አልክድም። አንዳንዴ ግን ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ነገር ቆም ያደርጋችኋል። ያን ጊዜ ደግሞ የሻጩ ጥያቄ «ስንት ልስጥሽ?» ብቻ ነው።

ለባሪ ፍርዱ ይበልጥ የሚያምበት ምክንያት ያለ ይመስለኛል። አባቱ ወርቅ ሠሪ ነው። እሱ ራሱ ስምንት ዓመት ወርቅ ሠሪ ቤት ውሎ አድሯል። ከዚያ ለመውጣት ነው የአንበሳ ሬሳ ሲለካ የኖረው። በኒሻንና በሜዳልያ ወጣሁ ባለበት ሰዓት «አንተ እኮ ወርቅ ሠሪ ነህ» ተባለ። የሌላ አገር ስድብ ቢሆን ይሻል ነበር።

ባሪ አልተሟገተም። ጋዜጣ ላይ አልጻፈም፣ ደጅ አልጠናም። ዝም አለ። ዝምተኛነቱን የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክራሉ። ብቻ ከዚያ በኋላ ወደ ሳሎን ሥራ መላክ ተወ። እስከ 1850 ድረስ። አሥራ ሦስት ዓመት።

አንዳንዶች ይህን ኩራት ብለው ያደንቁታል። እኔ ግማሽ ልቤ ነው የሚያደንቀው። በ1838 ወይም በ1839 በተፈጥሮ መጠኑ የተሠራ አንድ አውሬ ቢልክ ኖሮ የሚቀበሉት ይመስለኛል፤ በ1836ም እኮ አንበሳውን አስገብተውለታል። ለአሥራ ሦስት ዓመት ራሱን ከገበያ አወጣ፣ ያውም ሌላ ገበያ ባልነበረበት አገር። ሌላው ግማሽ ልቤ ደግሞ ሰውየው ያደረገውን አይቶ ይስቃል። ወርቅ ሠሪ ነህ አሉት አይደል? ሱቅ ከፈተ።

ከ1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነሐሱን ራሱ እያስፈሰሰ መሸጥ ጀመረ። የዋጋ ዝርዝር አሳተመ። ተኝቶ የሚያዛጋ አውሬ፣ የቆመ ዝሆን፣ ጥንቸል፣ ኤሊ፣ የሚራመድ አንበሳ፣ የሚራመድ ታይገር። አንዱ ሥራ በትልቅና በትንሽ መጠን ይገኛል። በወረቀት ላይ የሚጫን የሚያህልም አለ። የሰዓት ጌጥና የሻማ መቅረዝም ሠራ። ለሌላው የንጉሥ ልጅ፣ ለሞንፓንስዬ መስፍን፣ የአማልክት ምስል ያለበት መቅረዝ አበጀ። ገዢው ሐኪም ነው፣ ጠበቃ ነው፣ ነጋዴ ነው። ቤተ መንግሥት የሌለው፣ የእሳት ማሞቂያው ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው። ከሳሎን የተባረረው ነሐስ በዚህ መንገድ ሰዎች ሳሎን ገባ። ይሄኛው የእኛው ሳሎን ነው፣ ሶፋ ያለበት።

በዚሁ መሃል አስቂኝ ነገር ሆነ። መንግሥት የሐምሌውን አብዮት ሰማዕታት ለማሰብ በባስቲል አደባባይ ትልቅ የነሐስ ዓምድ አቆመ። በ1840 ተመረቀ። ከሥሩ የሚራመድ አንበሳ አለ። የባሪ ነው። ሳሎን የማይገባው ሰው፣ አንበሳው ግን የፓሪስ ታላቅ አደባባይ ላይ ይራመዳል።

ሱቁ ግን አላዋጣም። ባሪ ነጋዴ አልነበረም። እያንዳንዱን ነሐስ በሞረድና በመሮ ራሱ ካላስተካከለው፣ ቀለሙን ራሱ ካላበጀው አይለቅም። አንዳንዱን ገዢ መጥቶም መስጠት ያሳሳዋል ይባላል። ዋና ደጋፊው የኦርሌአን መስፍን በ1842 ከሠረገላ ወድቀው ሞቱ። ቀጥሎ የ1848 አብዮት መጣ። ንጉሡ ሸሹ፣ ጌጥ የሚገዛ ጠፋ። ባሪ ከሰረ። ገንዘብ ያበደረው አጋሩ የሥራዎቹን ሞዴሎች በዕዳ ያዘ። ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ፣ እስከ 1857 ድረስ፣ የባሪን እንስሳት የሚያስፈስሰውና የሚሸጠው ሌላ ሰው ነበር። ጥርሱን ነክሶ ያንን ሁሉ ዓመት አየ። ከዳኞቹ ፍርድ ይልቅ ይሄ የከፋው ይመስለኛል። የዳኞቹ ቃል ስሙን ነው የነካው። ይሄኛው መሮውን ቀማው።

ያዳነው ደግሞ ያከሰረው አብዮት ነው። አዲሱ መንግሥት በ1848 ሉቭር ውስጥ የጄሶ ቅጂ ክፍል ኃላፊ አደረገው። ቦታው በ1850 ተነጠቀ፣ ግን በዚያው ዓመት ባሪ ወደ ሳሎን ተመለሰ። ይዞ የመጣው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ቴሴዎስ የሚባለው የግሪክ ጀግና ግማሹ ሰው ግማሹ ፈረስ ከሆነ ፍጡር ጋር ሲታገል ነው። ይሄ ለአካዳሚው ጆሮ የሚጥም ዜማ ነው። ሌላው ጃጓር የሚባለው ነብር መሰል አውሬ ጥንቸል ሲበላ ነው። ይሄኛው የራሱ ዜማ ነው። የ1831ዱ ታይገር በሙሉ ቅርፊትና ጅማት ነበር። ጃጓሩ ላይ ዝርዝሩ ቀንሷል፣ ጀርባው እንደ አንድ ረጅም ሞገድ ይወርዳል፣ ጥንቸሏ ለስልሳ ተንጠልጥላለች። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል ጃጓሩን ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የሱቅ ሥራ እጁን ያበላሸው ይመስላችኋል? ትንንሹን ሥራ ደጋግሞ መሥራት ነው እኮ ምን መተው እንዳለበት ያስተማረው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሹመት ነው፣ ቶሎ ልለፈው። በ1854 የልጅነት ግቢው፣ የዣርደን ደ ፕላንት ሙዚየም፣ የእንስሳት ንድፍ መምህር አደረገው። በ1860ዎቹ ከተማሪዎቹ አንዱ ሮዳን የሚባል፣ ኋላ ስመ ጥር ቀራፂ የሆነ ወጣት ነበር። ባሪ በ1855 የፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ከፍተኛውን የክብር ሜዳልያ አገኘ፤ በየትኛው ክፍል መሰላችሁ? በኢንዱስትሪው፣ በጌጥ ነሐስ ክፍል። መደርደሪያው አሁንም ያው ነው። በ1868 ደግሞ አካዳሚው ራሱ አባል አድርጎ መረጠው። በ72 ዓመቱ፣ የዚያ ዳኛ ቤት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ባሪ በ1875 ሲሞት የመምህርነቱን ቦታ የያዘው ኢማኑዌል ፍሬሚዬ ነው። ከፍሬሚዬ ተማሪዎች አንዱ ዦርዥ ጋርዴ ይባላል። ጋርዴ የሚለው ስም ለእኛ እንግዳ ይመስላል፣ ሥራው ግን አይደለም። ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ፊት፣ ዘውድ ደፍቶ የቆመውን የይሁዳ አንበሳ የሠራው እሱ ነው። በ1930 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ቆመ። በጣሊያን ወረራ ተዘርፎ ሮም ተወሰደ፣ ከዘርዓይ ደረስ ታሪክ ጋር ስሙ የሚነሳውም ያው አንበሳ ነው፣ በ1960ዎቹ ተመለሰ። የአንበሳ ሬሳ ለመለካት ከተጋለበበት ቀን ተነስቶ፣ በመምህርና በተማሪ ተያይዞ፣ ክሩ ለገሃር ይደርሳል። ብሔራዊ ትያትር ፊት ያለው ግን ከዚህ ዘር አይደለም። እሱም የፈረንሳዊ እጅ ነው፣ በ1955 ሞሪስ ካልካ የሠራው። ግን ድንጋይነቱን ያልረሳ አንበሳ ነው፤ ጡንቻ አይቆጥርም፣ ጥፍር አይመዝዝም። ሁለቱን በአንድ ቀን በእግር ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ ቁልቁለት ነው።

የጠረጴዛው ጌጥስ? ከመስፍኑ ሞት በኋላ፣ በ1853፣ ንብረታቸው ተሸጠና ቡድኖቹ ተበታተኑ። የታይገር አደኑ ዛሬ አሜሪካ፣ ባልቲሞር፣ ዋልተርስ ሙዚየም ውስጥ ነው። ሰው ዙሪያውን እየዞረ ያየዋል። የባልቲሞሩ ሰብሳቢ ዊልያም ዋልተርስ ባሪን አብዝቶ የገዛ ሰው ነው። በ1873 ዋሽንግተን ለሚከፈተው ለኮርኮራን ጋለሪ ሥራ ሲያፈላልግ ከባሪ አንድ መቶ ሃያ ነሐስ አዘዘ። ሽማግሌው ሊሞት ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ፓሪስም በ1889 ለእሱ ብቻ ትልቅ ኤግዚቢሽን ከፈተች፣ ያውም ኤኮል ደ ቦዛር ውስጥ፣ በወጣትነቱ የሮምን ሽልማት ሲያባርር በኖረበት ግቢ።

አንድ ቀን ሚስቱ ቤት ውስጥ ያሉትን ነሐሶች አቧራ ስታራግፍ ፊርማው በደንብ እንደማይታይ አይታ፣ ጎላ አድርገህ ብትጽፈው ምናለ አለችው ይባላል። እሱም፣ አታስቢ፣ ሃያ ዓመት ቆይተው በአጉሊ መነፅር ይፈልጉታል አላት።